እማማ ዝማምን እንትፍ ያሰኘሁበት ቀን

ይህን ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ስጨርስና ሳነበው ራሴን ከነበርሁት ትንሽ ደግ አድርጌ ጽፌ አገኘዋለሁ። አሁን ግን እንደ ሆነው አድርጌ ልንገራችሁ።

ይበልጣል እባላለሁ። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው የምኖረው። ሥራዬ ስፌት ነው፤ የዲያቆናት ቀሚስ፣ የመዘምራን ካባ፣ የጥላ ልብስ እሰፋለሁ። ሱቅ የለኝም። የስፌት መኪናዬ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ናት፤ ከፋዩም፣ ዘርፉም፣ የወርቅ ክሩም አልጋችን ሥርና ቁም ሣጥኑ ላይ ነው የሚቀመጠው። ባለቤቴ ትርንጎ ዘጌ አስተማሪ ናት። ሰኞ ሄዳ ዓርብ ትመለሳለች። ልጃችን ሶልያና ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ሠራተኛችን አግብታ ከሄደች በኋላ ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጅቷን የምይዛት እኔ ነበርሁ።

ሰው ሁሉ “ታድለህ! ቤትህ ቁጭ ብለህ፣ ልጅህን እያየህ ትሠራለህ” ይለኛል። “ተመስገን ነው” እላለሁ። ግን ከአራት ዓመት ልጅ ጋር ከፋይ መቁረጥ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። መቀሱ አንዴ ከሳተ ጨርቁ አለቀ። እሷ ደግሞ ክር ትጎትታለች፣ የኖራ እርሳሴን ትደብቃለች፣ ከመኪናው ሥር ገብታ እግሬን ትይዛለች። “አባዬ፣ እየኝ” ትለኛለች። አያታለሁ። ሁለት መርፌ ሳልወጋ እንደገና “አባዬ፣ እየኝ”።

ኅዳር ላይ ጉንፋን ያዛትና ሐኪም ሽሮፕ አዘዘላት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። የወሰደች ጊዜ እንቅልፍ ይጥላታል። በዚያ ሳምንት ብዙ ሰፋሁ። ጉንፋኗ ለቀቃት፤ ሽሮፑ ግን ጠርሙሱ ውስጥ ተርፎ ነበር። አንድ ቀን ሥራ ሲያጣድፈኝ ግማሽ ማንኪያ ሰጠኋት። “ሳሏ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም እኮ” ብዬ ለራሴ ነገርሁት። በሌላ ቀን ለራሴም ምንም ሳልል ሰጠኋት። ጠርሙሱ አለቀና ሌላ ልገዛ ሄድሁ። ባለ መድኃኒት ቤቱ “ለምንድን ነው?” አለኝ። “ለጉንፋን” አልሁት። ትርንጎ ይህን አታውቅም ነበር።

አሁን “የሚይዝልህ ሰው አጥተህ ነው ወይ?” ትሉኝ ይሆናል። አላጣሁም። አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው እማማ ዝማም የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ዘንዘልማ ትዳር ይዞ ይኖራል፤ እሳቸው ብቻቸውን ናቸው። ሶልያናን ይወዷታል። በአጥሩ ክፍተት ብቅ ብለው፣

“ይበልጣል፣ ልጅቱን ወዲህ በላት እንጂ። እኔ ምን ሥራ አለኝ? አንተ ስፌትህን ስፋ” ይሉኛል።

“አይ እማማ፣ ታስቸግርዎታለች” እላለሁ።

ምክንያቴ ሌላ ነበር። እማማ ዝማም የሸክላ ሠሪ ልጅ ናቸው። በሰፈሩ ውስጥ ፊት ለፊት ባይነገራቸውም፣ ከጀርባቸው “ዓይናቸው ጥሩ አይደለም” ይባላል። ታላቅ እህቴ የሺ በመጣች ቁጥር “ልጅህን እሷ ፊት እንዳታበላት፣ ትበላብሃለች” ትለኝ ነበር። አምን ነበር? አላምንም። የቤተ ክርስቲያን ልብስ የምሰፋ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሁ ሰው ነኝ፤ በየሺ እስቅባት ነበር። ግን እየሳቅሁም ልጄን አንድ ቀን እንኳ ለእማማ ዝማም ሰጥቼ አላውቅም። ከእሳቸው ይልቅ ጠርሙሱን አመንሁ።

ጥምቀት ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ረቡዕ ቀን ነው። ከሐይቁ ማዶ ለሚመጡ መዘምራን አሥራ ሁለት ካባ ሰፍቼ በማግስቱ ማስረከብ ነበረብኝ። አራቱ ዘርፍ አልተደረገላቸውም፤ ሁለቱ ገና አልተገጠሙም። ጠዋት እማማ ዝማም በአጥሩ በኩል የስንዴና የባቄላ ንፍሮ በሰሐን አቀበሉን። ሶልያና እየዘለለች በላች።

ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ማንኪያ ሰጠኋት። አልተኛችም። እንዲያውም ባሰባት፤ ትስቃለች፣ ትሮጣለች፣ የዘርፉን ካርቶን ገለበጠችብኝ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደገምሁላት። ትንሽ ተንጋለለችና ተነሣች። አምስት ሰዓት ሲሆን ማንኪያ እንኳ አልፈለግሁም፤ በክዳኑ ቀድቼ ያዝሁላት። ራሷ አፏን ከፈተች። “ጣፋጭ” አለችኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ሥር በተከመረው የከፋይ ቁርጥራጭ ላይ ተጠቅልላ ተኛች።

ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። በሩን ዘጋሁ፣ መኪናዬ ላይ ተቀመጥሁ። በዓመቱ ውስጥ እንደዚያ ቀን እጄ ቀንቶት አያውቅም። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ዘርፉ ይገጥማል። ስምንት ሰዓት እስኪሆን ቀና አላልሁም።

ምሳዋን ላበላት ብዬ ጎንበስ አልሁ። “ሶሊ” አልኋት። ፊቷ ቀልቷል። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እጇን ብድግ አድርጌ ስለቀው ወደቀ። “ሶሊዬ፣ ተነሽ፣ ምሳ” አልሁ። ዓይኗን በጣቴ ገለጥ ሳደርገው ጥቁሩ ብቻ ሰፍቶ ነጩን ሊውጠው ደርሷል፤ አያየኝም። ደረቷን በጆሮዬ አዳመጥሁ፤ ትተነፍሳለች፤ ግን በአንዱና በሁለተኛው ትንፋሽ መሐል የምጠብቀው ጊዜ ረጅም ነበር።

አቅፌያት ወጣሁ። ጫማ ማድረጌን እንኳ አላስታውስም። እማማ ዝማም ደጃፋቸው ላይ ነበሩ።

“ምን ሆነች? ይበልጣል፣ ምን ሆነች?”

“አልነቃ አለች!”

ነጠላቸውን እየጎተቱ ተከተሉኝ። ባጃጁን ያስቆሙት እሳቸው ናቸው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን፤ እሳቸው የሶልያናን እግር በጭናቸው ላይ አድርገው እያሹ “እመ ብርሃን፣ እኔን አስቀድሚኝ፣ እኔን” ይላሉ። ያንን ጸሎት በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ቀጥሎ የማደርገውን ያደረግሁት ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ናት። ልጅቷን አልጋ ላይ አስተኝተው ኦክስጅን አደረጉላት፣ ግሉኮስ ሰቀሉላት። ሐኪሟ ዓይኗን በባትሪ እያየች ትጠይቀኛለች።

“ወድቃ ነበር?”

“አልወደቀችም።”

“የሚጥል በሽታ አለባት?”

“የለባትም።”

“ቤት ውስጥ መድኃኒት፣ ኪኒን፣ የአይጥ መርዝ፣ የምትደርስበት ነገር አለ? በደንብ አስብ።”

“ምንም የለም” አልሁ።

ለምን እንደዚያ አልሁ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። በዚያች ሰዓት የታየኝ የልጄ ፊት አልነበረም፤ የትርንጎ ፊት ነው። “ምን ያለ አባት ነው?” የሚል የሰው ድምፅ ነው። ልጄ ትንፋሿ እየራቀ፣ እኔ ስሜን እጠብቅ ነበር።

“ዛሬ ምን በላች?”

ዞር አልሁ። እማማ ዝማም በሩ ሥር ቆመዋል። “ጠዋት ንፍሮ በልታለች” አልሁ፤ ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ ጣቴን ዘረጋሁ። “እሳቸው ናቸው የሰጧት።”

“አዎ ልጄ” አሉ እማማ ዝማም ለሐኪሟ። “ስንዴና ባቄላ ነው። እኔም ከዚያው በልቻለሁ፤ ደህና ነኝ።”

ሐኪሟ ደም ቀድታ ወደ ላቦራቶሪ ይዛ ወጣች። በባጃጁ ውስጥ ሆኜ ደውዬላት ስለነበር፣ ወዲያው እህቴ የሺ ገባች። ልጅቷን አየች፤ ቀጥሎ እማማ ዝማምን አየች። ጮኸች።

“ነግሬህ ነበር! ምን አብልታት ነው?”

“ንፍሮ” አልሁ። አሁንም ንፍሮ አልሁ።

“በላቻት! ልጄን በላቻት! አንቺ ሴትዮ፣ ልቀቂያት!”

በክፍሉ የነበሩ አስታማሚዎች ተነሥተው ከበቡን። አንዱ “እንትፍ ትበልባት፣ ያኔ ይለቃታል” አለ። ሌላዋ ሴት “ሳይመሽባችሁ ቶሎ አሰኟት” አለች። ነርሱ “ውጡ! ሆስፒታል ነው!” ቢልም የሚሰማው አልተገኘም። የሺ እማማ ዝማምን በክንዳቸው ይዛ ወደ አልጋው ጎተተቻቸው። “እንትፍ በይባት! በይ!”

አሮጊቷ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። “ይበልጣል፣” አሉኝ፣ “አንተም እንዲህ ነው የምትለው?”

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። “አይደለም” የሚል አንድ ቃል። ዓይኔን ወደ መሬት ጣልሁ።

ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። “እሺ። የሚያድናት ይኼ ከሆነ እኔ ምን ቸገረኝ” አሉ። አልጋው ላይ ጎንበስ ብለው ሦስት ጊዜ እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ አሉባት፤ ምራቅ እንኳ አልነበረውም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ግንባሯን ጠረግ ጠረግ አደረጉላትና ራሳቸው ወጡ። በኮሪደሩ መስኮት ሳያቸው ግቢው ውስጥ ካለች ዛፍ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

ሐኪሟ ተመለሰች። “ደሟ ምንም አላሳየኝም። ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ከጀርባዋ አጥንት መሐል በመርፌ ፈሳሽ ልወስድ ነው። እዚህ ላይ ፈርም” አለችኝ። ወረቀቱን ተቀበልሁ። ነርሱ ልጅቷን በጎኗ አስተኝቶ ጉልበቷን ወደ ሆዷ አጠፈው። የጀርባዋ አጥንቶች አንድ በአንድ ወጥተው ታዩኝ። መርፌው ሲመጣ አየሁት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ የያዝሁ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ዓይነት ረጅም አይቼ አላውቅም።

“ዶክተር፣ አንዴ ውጭ” አልኋት።

ኮሪደሩ ላይ፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኋት። “ሽሮፕ ሰጥቻታለሁ። እንድትተኛ።”

“ምን ሽሮፕ? ስንት?”

“የጉንፋን። ሦስት ጊዜ። የመጨረሻውን አልለካሁትም።”

አየችኝ። “መድኃኒት አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁህ እኮ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው” አለችኝ። ልትሮጥ ስትል እጇን ያዝሁ። “ለሰው አይንገሩብኝ፤ እባክዎ።” እጇን መንጭቃ ሄደች።

መርፌው ቀረ። የልቧን ምት የሚያሳይ መሣሪያ ገጠሙላት፤ ሐኪሟ ከአልጋው አልራቀችም። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ቆጠርሁ፤ በየትንፋሿ መሐል እቆጥራለሁ፣ እጀምራለሁ፣ እቆጥራለሁ። አሥር ሰዓት አለፈ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል እግሯን አንቀሳቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ሳትገልጥ “ውሃ” አለች።

የሺ እልል አለች። “አያችሁ? እንትፍ ስትልባት ለቀቃት! እኔ ምን አልሁ?” አስታማሚዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዷ አማተበች። ሐኪሟ ከአልጋው ማዶ ቀና ብላ ተመለከተችኝ። እስክናገር ትጠብቅ ነበር። አልተናገርሁም። የልጄ መዳን ለሰው ሁሉ ማስረጃ ሆነ፤ እማማ ዝማም ቡዳ ለመሆናቸው ማስረጃ። እኔ ዝም ስል ማስረጃው ጸደቀ።

እሳቸው ከዛፉ ሥር እልልታውን ሰምተው ተነሥተው ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ የሺ “በቃሽ፣ ሂጂ” አለቻቸው። “ዳነች?” ብለው ጠየቁ። “ድናለች፣ ሂጂ።” “ተመስገን” አሉና ብቻቸውን በእግራቸው ሄዱ።

ተደውሎላት ትርንጎ ከዘጌ ስትደርስ ሶልያና አልጋው ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላ ነበር። የሺ ሁሉንም ነገረቻት፤ እንደሚመስላት ማለቴ ነው። ትርንጎ ዛር፣ ቡዳ የሚባል ነገር የማትወድ አስተማሪ ናት። ግን እናት ናት፤ “በል ለማንኛውም ልጄ እሷ ቤት አትድረስ” አለችኝ። “እሺ” አልሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቀስ እያለ ነው የሆነው። ሰፈሩ ሰማ። እናቶች ልጆቻቸውን በእማማ ዝማም ደጃፍ አሳልፈው መላክ ተዉ። የወሩ የጽዋ ማኅበር ተራ የእሳቸው ነበር፤ “ይቅርብዎ፣ ይረፉ” ተብለው ተዘለሉ። እሳቸውም በአጥሩ ክፍተት ላይ መታየት ተዉ። አንድ ጠዋት ክፍተቱን ራሳቸው በቆርቆሮ ሲዘጉት ድምፁን ሰማሁ። መኪናዬን ማንቀሳቀሴን አቁሜ አዳመጥሁ፤ ሲጨርሱ ስፌቴን ቀጠልሁ።

በራሴ ፈቃድ ተናዘዝሁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አይደለም። በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ትርንጎ ቤት እያለች እኔ መኪናው ላይ ነበርሁ። ሶልያና መጥታ ጉልበቴን ያዘች።

“አባዬ፣ ልተኛልህ?”

“ምን?”

“ሥራህን እንድትሠራ ልተኛልህ። ጣፋጩን ስጠኝ።” አፏን ከፈተች።

ትርንጎ የምታጥበውን ሰሐን አስቀመጠች። “ምን ጣፋጭ?” አለች። መጀመሪያ ልጅቷን፣ ቀጥሎ እኔን ጠየቀች። ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻልሁም። ከኅዳር ጀምሮ ያለውን ነገርኋት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። ቁጭ አለች። መጀመሪያ ያለችው፣

“እማማ ዝማምስ?” የሚል ነው።

“ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።”

“ቡዳ ናቸው የተባለው በሰው ፊት ነው። አንተ በጓዳ ይቅርታ ልትል ነው? መጀመሪያ ለሰማው ሰው ንገር።”

በማግስቱ እሑድ የእድራችን ስብሰባ ነበር፤ የሺም አባል ናት። ተነሥቼ ቆምሁና ተናገርሁ። ሽሮፑን፣ ውሸቱን፣ ጣቴን የዘረጋሁትን። ስጨርስ የሺ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ አራት ወር አላናገረችኝም። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ “ይህን ለመናገር አሥራ አንድ ቀን ፈጀብህ?” አሉኝ። ቀኑን ቆጥረውት ነበር።

ከስብሰባው ስወጣ የእማማ ዝማም በር ተቆልፏል። “ልጃቸው ጭኖ ወሰዳቸው፣ ዘንዘልማ” አሉኝ። ሰኞ ጠዋት ሄድሁ። ገና ያልተለሰነ አዲስ ቤት ነው። ምራታቸው አራስ ናት፤ ሕፃኗን ታጠባለች። እማማ ዝማም ከክፍሉ ሌላኛው ጥግ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። እንደ ገባሁ ተንበረከክሁ። “ተነሥ፣ ሰው ቤት ነው” አሉኝ። አልተነሣሁም። እዚያው ሆኜ ሁሉንም ነገርኋቸው።

ሲሰሙ ፊታቸው አልተለወጠም። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

“ሽሮፑ ነው? እውነት ሽሮፑ ነው?”

“እውነት ነው፣ እማማ። ሐኪሟም ታውቃለች። ንፍሮውም ሆነ እርስዎ ምንም አላደረጓትም።”

“ትምላለህ?”

“በልጄ እምላለሁ።”

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። “እኔኮ፣” አሉ፣ “እንትፍ ስልባት ለእናንተ ብዬ ነበር። ከዚያ ልጅቱ ነቃች ሲሉኝ ደነገጥሁ። ስልሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲሉኝ አላምናቸውም ነበር። ያን ቀን ግን፣ ምናልባት እውነታቸውን ቢሆንስ? ምናልባት እኔ ሳላውቀው የሚወጣ ነገር ቢኖረኝስ? አልሁ። ራሴን ጠረጠርሁ።” ወደ ሕፃኗ አላዩም። “እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ይህችን ልጅ አልነካኋትም። እንዳልጎዳት ብዬ ከዚህ ሆኜ ነው የማያት።”

ምራታቸው ቀና አለች። “ለካ ለዚህ ነው” አለች በለሆሳስ፤ “እኔ ጠልተውኝ መስሎኝ።”

ይቅር አሉህ ወይ ብላችሁ የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። አላሉኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም። ወደ ዓባይ ማዶም አልተመለሱም። አሁን ከሰኞ እስከ ዓርብ ግማሽ ቀን ልጃችንን የምትይዝልን ሰው አለችን፤ የቀረውን ጊዜ ከሶልያና ጋር ነኝ፤ ሥራ ሲበዛ “አልደርስም” እላለሁ። ይህን ማለት ያን ያህል ቀላል እንደሆነ ያኔ ማን በነገረኝ። ቤታችሁ ውስጥ ልጅ ይዛችሁ የምትሠሩ እናቶችና አባቶች፣ ድካማችሁን አውቀዋለሁ፤ ልፈርድባችሁ አይደለም የጻፍሁት። እኔን ያሳፈረኝ መድከሜ አይደለም። ጥፋቴን የሚሸከምልኝ ሰው ስፈልግ ዓይኔ ወዲያው ያረፈው፣ ሰው ቀድሞ የፈረደባቸው አሮጊት ላይ መሆኑ ነው። አላምንበትም እያልሁ የምስቅበት ነገር፣ ሲያስፈልገኝ እጄ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

ያን ቀን ዘንዘልማ፣ ልወጣ ስነሣ እማማ ዝማም አላዩኝም። ሁለት እጃቸውን በቀሚሳቸው ደጋግመው ጠረጉ፤ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዘረጉት።

“እስቲ አምጫት” አሉ።